ያላለቀው ቅጂ

ስልኬ ላይ የአንድ ሙዚቃ አራት ቅጂዎች አሉ። ሙዚቃው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ፣ ያለ አጃቢ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የተጻፈ ነው። ሦስቱን የተጫወቱት ስመ ጥር ሰዎች ናቸው። አንደኛው የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው ይሮጣል። ሁለተኛዋ አትቸኩልም፤ ግን አንጀቴን አትበላውም። ሦስተኛው ከማማሩ የተነሳ ያናድደኛል፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አራተኛውን የተጫወተው እዚህ ሶዶ አብሮኝ ይኖር የነበረ ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ከሩቅ ተመድበን የመጣን ሐኪሞች ነበርን። አንድ እሑድ ስልኬን ወንበር ላይ አስቀምጦ እየተጫወተ ራሱን መቅረጽ ጀመረ። የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኗል፤ ዝናቡ ጣራችንን ይደበድባል። እኔ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቅርቤ እጠብቃለሁ። ሰው አጠገብህ እያለ ሳትጋብዝ መብላት ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ርቦኛል። ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አልቻልኩም፤ "ኧረ እንብላ!" ብዬ ጮኽኩ። ሳቀና ቫዮሊኑን አስቀመጠ። "በቃ፣ ሌላ ቀን እጨርሰዋለሁ" አለኝ። ሌላ ቀን ሳይመጣ የዝውውር ደብዳቤው መጣ።

ሦስቱ ቅጂዎች አምረው ያልቃሉ። ምሳ ስበላ የምከፍተው ግን ያላለቀውን ነው። ዛሬ በዚህ ቤት "እንብላ" የሚለኝ፣ ከስልኩ ውስጥ የሚጮኸው የገዛ ድምፄ ብቻ ነው።