ከብት እስኪገባ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ይስማው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጫማሽ የከተማ ነው» አሉኝ። ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ቦቲ ጎትተው አወጡ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ጥሎት የሄደ ነው፤ ሁለት ካልሲ ደርቤም ይሰፋኛል። «ሥራሽ ድኃ መፈለግ ነው። ቀላል እንዳይመስልሽ» ብለው ሸኙኝ።

እኔ ግን ቀላል መስሎኝ ነበር። ዘሃራ እባላለሁ፤ የይጁቤ ነጋዴ ልጅ ነኝ። በአባቴ ሱቅ ውስጥ ስላደግኩ፣ ሰው በደጅ ሲገባ ዐይቼ አቅሙን አውቃለሁ ብዬ እመካ ነበር።

ወረዳው የቀጠረኝ በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያነት ነው። አብዛኛው ሥራዬ የጤና መድን ነበር። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ከፍሎ ነጻ ካርድ ይሰጠዋል። የማይችለውን የሚለየው ኮሚቴ ነው፤ እኔ ከኮሚቴው ጋር ቤት ለቤት እዞራለሁ።

በዚያው በመጀመሪያው ዕለት ከደብረ ማርቆስ ራቅ ባለ ቀበሌ ስብሰባ ነበረን። አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ቡትቶ ኮት ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ላይ የወፍ ኩስ አለ። አንጀቴን በሉኝ፤ ስማቸውን ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ግን «ይኸ ኮት እኮ ትናንት ጤፍ ማሳቸው ላይ ቆሞ ወፍ ይጠብቅ ነበር» አለች። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። አያ ደምሴ ራሳቸውም ሳቁ። «ብርድ ሆኖብኝ ተዋስኩት» አሉ። እኔም ስማቸውን ሰረዝኩ።

ይህን ለጋሽ ይስማው ስነግራቸው አልሳቁም። «ድኃ የሚመስለውን ሀብታም ማንም ይለየዋል። ሀብታም የሚመስለውን ድኃ ያገኘሽ ዕለት ንገሪኝ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ የገባኝ በዓመቱ እዚያው መንደር ስመለስ ነው።

የአያ ደምሴ ጎረቤት አያ ምሕረት ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩሰው ናቸው። እትዬ ጥሩሰው አንገታቸው ላይ የወጣው እንቅርት አድጎ አድጎ ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀምሮ ነበር። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ያድራሉ። ጤና ጣቢያው ደብረ ማርቆስ ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ ነግሯቸዋል።

ባልና ሚስቱ በሬ የላቸውም። መሬታቸውን ለሌላ ሰው ለእኩል ሰጥተው የሚመጣላቸውን ይበላሉ። በነጻ ካርዱ ካልገቡ ሕክምናው የሚታሰብ አይደለም። ምዝገባው ደግሞ በዚያ ሳምንት ይዘጋል፤ ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል። እትዬ ጥሩሰውን ላያቸው ሰው ዓመት የሚቆዩ አይመስሉም ነበር።

ደንቡ ቀድመን እንድንነግር ስለሚያዝ «ነገ ኮሚቴው ይመጣል» ብዬ ለመንደሩ መልእክት ላክሁ። ዝምድና እንዳይገባበት ኮሚቴውን የምናመጣው ከሌላ ጎጥ ነው። ሰብሳቢው አቶ ጫኔ ይባላሉ፤ በዐይናቸው ያዩትን ብቻ የሚጽፉ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ አያ ደምሴ ቤት ገባን፤ ዘንድሮም አመልክተዋልና። ኮቱ የለም። ከብቱም የለም። ጋጣው ውስጥ አንዲት ጥጃ ብቻ ታስራ ትጮኻለች።

«እናቷስ?» አሉ አቶ ጫኔ።

«ሞተችብኝ» አሉ አያ ደምሴ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ጥጃዋ ጠግባ ጠጉሯ ያበራል። እናቷ የሞተችባት ጥጃ እንዲህ አታበራም።

ቀጥለን አያ ምሕረት ቤት ሄድን። ደጁ ተጠርጎ፣ መደቡ ላይ አዲስ ቁርበት ተነጥፎ ጠበቀን። ግቢው መካከል አንዲት ቦቃ ላም ችካል ላይ ታስራ ድርቆሽ ትበላለች። ከየት መጣች ብዬ ደነገጥኩ።

«ይቺ የማን ናት?» አሉ አቶ ጫኔ።

«የማን ትሆናለች? የኔ ናት» አሉ አያ ምሕረት። «ዘሃራ እስላም ናት፤ ሥጋችንን አትበላም። ወተት እንኳ ሳትቀምስ ኸቤቴ ልትወጣ ነው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባሉ እኚህ ሰው ድህነታቸውን ማሳየት አልታያቸውም፤ የታያቸው የማቀርበው የለኝም የሚለው ነው። አያ ደምሴ ደግሞ ላም የሚደብቁበት ቤት ፈልገው በደስታ አውሰዋቸዋል። አንዲት ላም ለአንዱ መኩሪያ፣ ለሌላው መሸሸጊያ ሆነች።

አያ ምሕረት ጮጮ ይዘው ላሟ ሥር ቁጢጥ አሉ። ቢያልቡ ቢያልቡ ጠብ አላለም። «ዛሬ ምን ሆና እንዳኮረፈች እንጃላት» አሉ። የአገር ላም ጥጃዋን ሳትልስ ወተት እንደማትለቅ የነጋዴ ልጅም ብሆን አውቃለሁ። ጥጃዋ ከአጥር ማዶ ትጮኻለች፤ ላሟ ጆሮዋን ወደዚያ አቅንታለች።

መናገር እችል ነበር። ግን ብናገር አያ ምሕረት የኔ ናት ብለው በጊዮርጊስ ይምላሉ። አንዴ ከማሉ ደግሞ ሞተው ይገኛሉ እንጂ ቃላቸውን አያጥፉም። ካርዱም በዚያው ይቀራል።

አቶ ጫኔ «ላም ካለ አይሆንም። በሉ እንሂድ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብለው ተነሡ። እኔም አብሬ ተነሣሁና መልሼ ዘጭ አልኩ። «እግሬን ወለም አለኝ» አልኩ። ያ ሰፊ ቦቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

አያ ምሕረት ተሯሩጠው ለብ ያለ ውሃ አመጡ። እትዬ ጥሩሰው ቦቲውን ጎትተው አወጡና እግሬን ያሹኝ ጀመር። ጎንበስ ሲሉ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። በራሴ አፈርኩ። ደኅና እግሬን ዘርግቼ ታማሚ ታሸኛለች። በቃ ተሻለኝ ብዬ ልነሣ ስል ቁርጭምጭሚቴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«እግርሽስ ደኅና ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «ከብት እስኪገባ ግን አትነሺ።»

አልተነሣሁም። እንዲያውም አምጬ አቃሰትኩ። አቶ ጫኔ ከመሰልቸታቸው የተነሣ የቀረበላቸውን ቆሎ ብቻቸውን ጨረሱት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የመንደሩ ከብት ከግጦሽ ይመለስ ጀመር። ጥጃዋ እንደገና ጮኸች። ላሟ አገሳች፤ አንገቷን ወዘወዘች፤ ችካሉን ነቅላ እየጎተተች በግቢው በር ወጣች። ሁላችንም በዐይናችን ሸኘናት። በቀጥታ አያ ደምሴ ግቢ ገባች።

«የት ነው የምትሄድ?» አሉ አቶ ጫኔ።

አያ ምሕረት ጥቂት አሰቡ። «ጎረቤት ልትጠይቅ ነው» አሉ።

አቶ ጫኔ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔም መቻል አቃተኝ። አያ ምሕረት ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ትመለሳለች። የኔ ናት አልኩ እኮ» አሉና ሊምሉ እጃቸውን አነሡ።

በዚያ አገር ሚስት እንግዳ ፊት የባሏን ቃል አታቋርጥም። እትዬ ጥሩሰው እግሬን ለቀው ቀና አሉ።

«ላሟስ ሄደች» አሉ። «እኔም እስክሄድ ነው የምትጠብቅ?»

ያ የተነሣ እጅ ቀስ እያለ ወረደ። አያ ምሕረት ባዶውን ጮጮ ከመሬት አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። ፊታቸውን እንዳናይ ነው። ከውስጥ ሆነው «ጻፉ» አሉ። «በሬም የለኝ፣ ላምም የለኝ። ጻፉ።»

አቶ ጫኔ ጻፉ። እኔ እንባዬ መጥቶ ቦቲዬን የማጠልቅ መስዬ አቀረቀርኩ።

ስንመለስ አያ ደምሴ ቤት ጎራ አልን። ሚስታቸው ላሟን እያለቡ ነው፤ ጥጃዋ ከጎን ትላሳለች። አያ ደምሴ እኛን ሲያዩ ዐይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ። «እግዜር ከሞት አስነሣልኝ» አሉ።

«ከሞት የምትነሣ ላም ያለው ሰውማ መድን ምን ያደርግለታል?» አሉ አቶ ጫኔ፣ ስማቸውን እየሰረዙ።

ባለቤታቸው ወተቱን በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት። አቶ ጫኔ መንገድ ላይ እግሬን ደጋግመው ቢያዩም አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

እትዬ ጥሩሰው በካርዱ ደብረ ማርቆስ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ልጠይቃቸው ሄድኩ። አያ ምሕረት ያማረ ጋቢ ለብሰው አልጋው አጠገብ ቆመዋል፤ ጋቢው የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰላም ብላቸው በግንባራቸው ብቻ መለሱልኝ፤ ቅያሜው አልለቀቃቸውም ነበር። እትዬ ጥሩሰው አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ድምፃቸው ገና አልተመለሰም። በእጃቸው ጠርተውኝ ጠጋ አልኩ።

«ተኛሁ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ተጋድሜ ተኛሁ።»

አሁን አዲስ ለሚቀጠሩት ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ቤት ስትገቡ በእንግድነት የሚቀበላችሁን ሰው ሰላም በሉት፤ የምትጠይቁት ግን የታመመውን ነው። እስኪናገር ድረስ አትነሡ።