ባለነጥቧ ፔኒ ወደ ታኮማ

ከስካይዌይ መነሳት

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከስካይዌይ ስነሳ የያዝኩት ነገር ቢኖር አንዲት ፔኒ ነበር፤ በ1920 እ.ኤ.አ. የተመታች የአውስትራሊያ አሮጌ ሳንቲም። የዚያ ዓመት ፔኒ ዓይነቱ ብዙ ነው። የእኔዋ ጀርባዋ ላይ ካለው የታችኛው ጌጥ በላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለቻት። ታኮማ ከተማ የሚኖሩት፣ እንደ እኔ አሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢ የሆኑት አውስትራሊያዊ ሽማግሌ ሚስተር ኬን የጎደለቻቸው ይህችው ናት። ከወደዷት እኔ ስፈልገው የኖርኩትን የ1946ቱን ፔኒ ሊለውጡኝ ቃል ገብተዋል። ቁርስ እንኳ አልበላሁም።

መንገድ ላይ

ዝናቡ ያካፋል፤ መንገዱ ተጨናንቋል። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም እጄ አላርፍ አለኝና ፔኒዋን የያዘችውን ከረጢት ፈታሁ። ክው አልኩ። ቡናማዋ ፔኒ እንደ አዲስ ድስት ታብለጨልጫለች! ካፒቶል ሂል ሰፈር ሥራ ላይ ለነበረችው ባለቤቴ ለሰላም ደወልኩ።

"እማዬ ናታ!" አለች እየሳቀች። "ለሰው የሚሰጥ ነገር ቆሽሾ አይሄድም ብላ በሎሚና በግሪሉ አመድ ክሊን አደረገችልህ። ሶ፣ ምን ችግር አለው?"

እንዴት ላስረዳት? አሮጌ ሳንቲም ከታጠበ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም። አመዱ ነጥቧን ፍቆ አጥፍቷት ቢሆንስ? ልመለስ አልኩ፤ ሽማግሌው እየጠበቁኝ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

ታኮማ

ሚስተር ኬን ሻይና ብስኩት አቀረቡልኝ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ፔኒዋን ሰጠኋቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አንስተው አዩዋት።

"ነጥቧስ አለች" አሉ። "ማነው ያጠባት?"

"አማቴ ናቸው። እርስዎን ለማክበር ብለው ነው።"

ሳቁ። ፔኒዋን ግን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጧት። "ይህችን አልወስድም፣ አዝናለሁ። ሌላ ባለነጥብ የለህም?"

"አንዲት አለችኝ፤ ትንሽ ያረጀች ናት።"

"ታርጅ! ካልታጠበች ይዘሃት ና፤ እለውጥሃለሁ።"

ነፍሴ መለስ አለች።

መልስ

መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳስነሳ ትዝ አለኝ፤ የፔኒዎቼን ሳጥን አልቆለፍኩትም። ቤት ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ለመጸለይም ለመሳደብም እየቃጣኝ ነዳሁ።

ስደርስ የሰላም እናት እማማ ዘነቡ እጃቸው እስከ ክርናቸው አመድ ለብሶ በሩን ከፈቱልኝ። ጠረጴዛው ላይ በነጭ ፎጣ ፔኒዎቼ ሁሉ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ሁለተኛዋን ባለነጥብ ለይቼ ማወቅ እንኳ አቃተኝ።

"ሰውየው ወደዱልህ፣ ልጄ?"

ፊታቸው በደስታ በርቷል። ጉዞው ያስተማረኝ ከመውጣቴ በፊት ሳጥን መቆለፍን ነው፤ ያን ለእሳቸው መንገር ግን አልሆነልኝም።

"በጣም ወደዱልኝ፣ እማማ" አልኩ። "እጅዎ ይባረክ።"