ወንድሜ ፊቱን ተሸፍኖ የተኛባቸው ሁለት ቀናት

ነገሩ የሆነው ካቻምና በኅዳር ብርድ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ብርድ ልብስ እስከ ራሱ ስቦ ተኝቶ ካየሁ ልቤ ቀጥ ይላል። ሄጄ ካልገለጥኩት እረፍት የለኝም። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አታስተኚም እንዴ?» እያለ ይነጫነጫል። እሱ ያን ሰሞን ለሥራ ሌላ አገር ነበር። እኔ ያየሁትን ቢያይ ኖሮ እሱም ይገልጥ ነበር።

ስንታየሁ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከአንኮበር መጥቶ እኔ ዘንድ እየኖረ ሕንፃ ሥራ ላይ ይውላል። ጉልበቱን የሥራ ጓደኞቹ አውርተው አይጠግቡም። ታሞ ተኝቶ አያውቅም። እኔማ በዚህ ስኮራ ለከት አልነበረኝም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ ስለ እሱ አወራ ነበር።

ያን ሰሞን ኃይለኛ ጉንፋን ሰፈሩን አዳርሶት ነበር። መጀመሪያ ልጄን ያዛት፣ ቀጥሎ እኔን አልጋ ላይ ጣለኝ። ስንታየሁ «እታለም፣ በጉንፋን ኑዛዜ ልትጽፊ ነው እንዴ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። እኔ ስነሳ እሱ ተኛ።

ሦስት ቀን ትኩሳት አነደደው። በአራተኛው ቀን ግን በረድ አለለትና ተነስቶ ምሳ በላ። እኔም አበቃ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ተኛ። አሁን ሳስበው፣ ሐኪም ቤት ይዤው መሮጥ የነበረብኝ ያኔ ነው።

እናቴ ከአንኮበር ደወለች። «ላቡ ሳይደርቅ ተነስቶ ነው ብርድ የመታው። በይ ፊቱን ሸፍኚው። ነፋስ እንዳያገኘው፣ ሰውም ገብቶ አይየው» አለችኝ። እኛ ዘንድ በሽተኛ የሚያዘው እንዲህ ነው። ከእግር እስከ ራሱ ይሸፈናል፣ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይወተፋል። እኔ ደግሞ ንግዴ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ቤቴ ውስጥ እሱ ሞልቷል። ሦስት ደረብኩበት።

ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በሎሚ፣ አጥሚት፣ ያልሞከርኩት የለም። ሰውነቱ ጠንክሮ በሽታውን እንዲዋጋልኝ ነው። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ሥር እጁን አውጥቶ ይቀበለኛል፣ ባዶውን ኩባያ ይመልስልኛል። ፊቱን አላየውም።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ሳሉ ቀነሰ፣ ወሬውም ቀረ። ፀጥ ባለ ቁጥር «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» እላለሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ልትጠይቀው ስትመጣ እንኳ «ላብ እየወጣለት ነው» ብዬ ከበር መለስኳት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዤ ገባሁ። እጁ አልወጣም። ስጠራው አልመለሰም። ብርድ ልብሱ ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያውም በጣም ይፈጥናል። የተኛ ሰው እንደዚያ አይተነፍስም። ገለጥኩት።

ከንፈሩ አጋም የበላ ልጅ ከንፈር ይመስል ነበር። ልጆች ሳለን ከአንኮበር ቁልቁል ወርደን አጋም ለቅመን ስንመለስ፣ አፋችን ጠቁሮ እናታችን ትቆጣን ነበር፤ ልክ እንደዚያ። ጥፍሩም እንደዚያው ነው። ዓይኑ ተከፍቶ ያየኛል። ተኝቶ አልነበረም። ለካ ዝም ያለው የሚናገርበት ትንፋሽ አጥቶ ኖሯል። «እታ...» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

አጥሚቱን የት እንዳደረግሁት አላውቅም። ጮኼ ሰው ጠራሁ፤ ጎረቤቶች ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቡልኝ። መንገድ ላይ የደብረ ብርሃን ነፋስ በጎን ሲገባ ነጠላዬን አውልቄ ፊቱ ላይ ልጥል ስል፣ ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ «እትዬ፣ ይተንፍስበት እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። ያን ሁሉ አይቼ እንኳ እጄ ሊሸፍነው ነበር የሄደው።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጣቱ ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ነገር አደረገችለት። ቁጥሩን አየችና ሮጠች። በሕይወቴ የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ነርስ ስትሮጥ ከማየት ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁለት፣ የደረት ራጅ አነሱት።

ትንሽ ቆይታ ወጣት ሐኪም አስጠራችኝ። የሳንባው ፎቶ ላይ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ በአብዛኛው ነጭ ሆኗል። «ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ሳንባው ውስጥ ገብቷል» አለችኝ።

«እሱ እኮ ጠንካራ ነው፤ ታሞ አያውቅም» አልኳት። ይሄን ማለቴ እንዴት እንደሚያድነው አላውቅም፣ ግን አልኩት።

«አየሽ እህቴ፣ አሁን እየጎዳው ያለው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ገጠር ቤት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ? እሳት ሊያጠፋ የመጣው ሰው ጣሪያውን ያፈርሳል፣ ግድግዳውን ይገፋል። የወንድምሽም ሰውነት እንደዚያ ነው። በሽታውን ሊከላከል የተነሳው ኃይል አልቆም ብሎ ጤነኛውን የሳንባ ክፍል አብሮ እያፈረሰው ነው። አየር የሚገባበት ቦታ ፈሳሽ እየሞላ ነው።»

ያን ጊዜ ያ ሁሉ ማርና ነጭ ሽንኩርት ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ ያጠናከርኩት?» አልኳት።

«የለም፤ ነጭ ሽንኩርትሽ እዚህ አያደርስም። ወጣትና ጤነኛ ሰው ላይም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምን እሱን እንደያዘው እኔም አላውቅም። የቫይረሱን መድኃኒት ጀምረንለታል። የሰውነቱ ቁጣ ራሱ እስኪበርድ ድረስ በኦክስጅን እናቆየዋለን። ካልሆነ በማሽን እንዲተነፍስ እናደርጋለን። ግን ሁለት ቀን ዘግይታችኋል።»

ሁለት ቀን። ሁለቱንም ቀን አልጋው አጠገብ ነበርኩ።

ትንፋሽ እንዲቀለው በሆዱ አስተኙት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጀርባው ከፍ ዝቅ ሲል እቆጥራለሁ። የኮራሁበት ጉልበት አሁን ደረቱ ውስጥ ሆኖ እያፈረሰው ነው። ጉልበቱን ጠላሁት። ደካማ በሆነ፣ እንደኔ በሆነ ብዬ ለመንኩ።

እናቴ ደወለች። ሆስፒታል መግባቱን አልነገርኳትም። «ድምፁን አሰሚኝ» አለች። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። መናገር አይችልም፤ እሷ ግን «ልጄ፣ የኔ ጌታ» እያለች ታወራዋለች። ትንሽ ቆይታ «ምንድን ነው እንዲህ የሚነፍሰው?» ስትል ሰማኋት። የኦክስጅኑ ድምፅ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ «የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው እማዬ፤ ታውቂው የለ?» አልኳት።

«ታዲያ ሸፍኚዋ!» አለችኝ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን ማሽኑ ይግባ አይግባ እያሉ ሲመላለሱ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጣቱ ላይ የሚታየው የኦክስጅን ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ። ስንታየሁ ጭምብሉን በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገና «እታለም... ኑዛዜዬን ጻፍሽልኝ?» አለኝ። እግሩን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ደረጃ ሲወጣ ሳይቆም ለመጨረስ ወራት ፈጅቶበታል። ለእናታችን እውነቱን የነገርኳት ከዳነ በኋላ ነው። እሷን አልወቀስኳትም። እናቷ ያደረገችላትን ነው የነገረችኝ፤ እኔም ዓይን እያለኝ ነው ያላየሁት።

ባለፈው ዓመት አብረን አንኮበር ልንጠይቃት ሄድን። ስንታየሁ ከቤት ወጥቶ ቁልቁል ወረደና ቆየ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኼ ተነሳሁ።

እሱም ደንግጦ መዳፉን ዘረጋልኝ። ሙሉ አጋም ነበር። «ላንቺ ነው ያመጣሁት» አለኝ።

አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። በነጠላዬ ጫፍ ከንፈሩን መጥረግ ጀመርኩ። ከሥሩ ቀዩን እስካይ ድረስ ጠረግሁት። አላሾፈብኝም፤ እስክጨርስ ድረስ ፊቱን ሰጥቶኝ ቆመ።