«እንዴ!» ባዩ ተክለአብ

እልል በሉ! ተቀበሉት! ስሙ በቀይ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ሦስት ሰው ፈርሞበት፣ ሻይ ቀርቦ ተጠጥቶ፣ ማንም ሊፍቀው በማይችል መንገድ ተቀበሉት! ማን ማንን ተቀበለ ትሉኝ ይሆናል። ደስታው ቀድሞኝ ነው እንጂ ልነግራችሁ ነው።

የምሥራቹ የተክለአብ ነው። ሆሎዌይ ሮድ ላይ አውቶቡስ የጠበቀ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነዳ ከአንድም ተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ፊቱ ግን እንደተዘጋ ሱቅ ነው። ሰው ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሱ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። ይህ ሰው ቀልደኛ ነው ብላችሁ ብታወሩ የሚያምናችሁ የለም። ግን ነው። ያውም የቻይና ቀልደኛ።

ነገሩ የተጀመረው ቲያንጂን በምትባል የቻይና ከተማ ነው። በ1980 ዓ.ም. መንግሥት የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማር ብሎ ወደዚያ ላከው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርዱን ሽሽት አንድ ሻይ ቤት ይገባል። እዚያ ረጃጅም ቀሚስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ያወራሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ቻይኖቹ ሺያንግሸንግ ይሉታል። አንደኛው ይቀባጥራል፣ ይዋሻል፣ ይፎክራል፤ ሁለተኛው አጠገቡ ቆሞ «እንዴ!»፣ «ከዚያስ?»፣ «ተው እንጂ!» እያለ እንደ ዘፈን ተቀባይ ይቀበለዋል። ተቀባዩ ከሳቀ ግን ቀልዱ ሞተ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ የሻይ ቤቱ ዋና ቀልደኛ መምህር ጂያንግ ከመድረክ ወርደው ቀጥታ ወደ ተክለአብ መጡ።

«አንተ! ሦስት ሳምንት ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አንድ ቀን አልሳቅክልኝም። ምን በድዬሃለሁ?»

«ይቅርታ መምህር፣ ቋንቋው ገና በደንብ አልገባኝም።»

መምህር ጂያንግ ወደ ጓደኛቸው ዞረው «የማይስቅ ሰው አገኘሁ!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ወዲያ ለአራት ዓመት እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት ነበር። ዛሬ ድረስ ያንን ቤት ሲያነሳ ድምፁ ይለሰልሳል። በብስክሌት ሲደርስ የከሰሉ ጭስና በእንፋሎት የበሰለ ትኩስ ዳቦ ሽታ ደጅ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። የመምህሩ ባለቤት «ረጅሙ መጣ!» ብለው ነጭ ሽንኩርት ያስልጡታል። እሱ ሲልጥ መምህሩ ከወዲያኛው ክፍል ቀልድ ይወረውራሉ፣ እሱ ከወጥ ቤት ይቀበላል። «እንዴ!» ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግማሽ ትንፋሽ ከቸኮልክ ቀልዱን ትረግጠዋለህ፤ ግማሽ ትንፋሽ ከዘገየህ ይቀዘቅዝብሃል።

ቋንቋውም ሙያውም ገባው። ግን እነሱ ዘንድ መቻል ብቻውን አይበቃም። መምህሩ በሰው ፊት ካልተቀበለህ የሙያው ልጅ አይደለህም፣ እንግዳ ነህ። ተማሪው ይሰግዳል፣ ሻይ ያቀርባል፣ ሦስት ሰዎች ዋስ ሆነው ይቆሙለታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተወለደ ልጅ ነው። በ1985 ለቻይኖች አዲስ ዓመት ቀን ተቆረጠለት።

እሱ ግን ጠፋ። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ ነበር፣ የትምህርቱ ድጎማ ተቋርጦ ነበር፣ የለንደን ቪዛ ድንገት ወጣ። ለሥርዓቱ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ደህና ይሁኑ ሳይል ተሳፈረ። ስደርስ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ። ክሮይደን ኢሚግሬሽን ተሰልፎ የመኖሪያ ወረቀቱን ሲጠብቅ እጽፋለሁ አለ። ብፅዓትን ሲያገባ፣ እድላዊት ስትወለድ እጽፋለሁ አለ። ዛሬ ነገ ሲል ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሙያውን ግን አልተወም። ፓን ከሚባል ቻይናዊ ልብስ አጣቢ ጋር በቻይና አዛውንቶች የምሳ ማኅበር ይጫወታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ማሰባሰቢያ ከጓደኛው ከደረጄ ጋር በአማርኛ ሞክሮት ነበር።

«እኔ እኮ አውቶቡስ እቀድማለሁ!» አለ ደረጄ።

«እንዴ!»

«ትናንት አንዱን ጥዬው ሄድኩ።»

«የት ላይ?»

«ፌርማታ ላይ።»

«እሱ እኮ ቆሞ ሰው እየጫነ ነው!»

«ታዲያ እሱ ቆመ ብዬ ልቁም?» አለና ደረጄ ከሁሉ ቀድሞ ራሱ ሳቀ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሴቶቹ ግን ተክለአብን ከበቡት። «ደረጄስ ጎበዝ! አንተ ምን ሠራህ? ‹እንዴ› ብቻ እኮ ነው ያልከው!» ልጁ እድላዊትም አልማረችውም፤ «ዳድ፣ ኦነስትሊ፣ ያንን እኔም እላለሁ።»

በዚህ ዓመት ፋሲካ ሰሞን ፓን የአንዱን ምሳ ጨዋታ ቀርፆ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ሊን የምትባል ሴት ከክሮይደን ደወለች። የመምህር ጂያንግ ልጅ ናት።

«አባቴ ሐምሌ ላይ እኔ ጋ ይመጣሉ። ቪዲዮውን አይተውታል።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

ይህቺ «ምንም» እህል አላስቀምስ አለችው። ሰውየው ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ይቅር ሳይሉት ቢመለሱ ሌላ ዕድል የለም። በመጨረሻ ብፅዓት መረራት።

«ሽማግሌ ላክባቸዋ!»

«ለቻይና?»

«ቻይና አይቀየምም? የተቀየመ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል፤ አለቀ።»

በቀጠሮው ቀን ክሮይደን ትራም ላይ አራት ሆነው ተሳፈሩ፦ ተክለአብ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሽማግሌያችን ጋሽ ልዑልቃል፣ ደረጄ፣ አስተርጓሚ ሆኖ ደግሞ ፓን።

«ድንጋዩስ?» አለ ደረጄ። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ አይደል የሚቀርበው?»

«ክሮይደን ላይ ድንጋይ ከየት አባቴ ላምጣ?»

«ከአንዱ አጥር ጡብ ነቅለን...»

«ደረጄ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» አሉ ጋሽ ልዑልቃል።

ሊን ቤት ሲደርሱ ሦስቱ ገቡ፤ ተክለአብ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቀረ። በመስኮቱ ሦስቱ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ሲቆሙ ያያል። ሊን ወንበር አመጣች፤ አልተቀመጡም። ሌላ ወንበር አመጣች፤ አልተቀመጡም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ሲነግሩት ነው የሰማው። «ኧረ ተቀመጡ» ስትል ጋሽ ልዑልቃል «ልጄ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ብለዋታል። መምህር ጂያንግ አዩአቸው፣ አዩአቸውና በጣታቸው ቆጠሩ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱንም ዋሶች አሟልቶ ነው የላከው?» የኛ ሽማግሌዎች ዋስ መሆናቸውን እዚያው ሰሙ! ፓን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ከዚያ «አዎ መምህር፣ ሦስት ነን» አለ።

ተክለአብ ተጠርቶ ገባ። መምህሩ አንሰው ወንበሩ ውጧቸዋል። ጎንበስ አለና ጉልበታቸውን ሳመ። ጉልበት ሲሳሙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ግን አልደነገጡም። ቀና ብለው ግድግዳውን እያዩ፣ በዚያ በጥንቱ የመድረክ ድምፅ ጀመሩ።

«አንድ ተማሪ ነበረኝ።»

ተክለአብ ከተንበረከከበት «እንዴ!» አለ። አፉ ነው እንጂ እሱ አልነበረም።

«ቀን ቆረጥኩለት፣ እንግዳ ጠራሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ስምንት ቀን ሲቀረው ጠፋ።»

«ምን ዓይነት ባለጌ ነው!»

«ባለጌ አትበለው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ይቅርታ መምህር።»

«ባለቤቴ እስክትሞት ድረስ በየበዓሉ አንድ ሳህን ታስቀምጥለት ነበር።»

መቀበል ነበረበት። ግማሽ ትንፋሽ አለፈ። አንድ ትንፋሽ አለፈ። ያ ተዘግቶ የኖረ ፊት ተከፈተና እንባው ወረደ።

«ዘገየህ» አሉ መምህሩ።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ መምህር።»

መምህሩ መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡትና ወደ ፓን ዞሩ። «እነዚህን ሰዎች እስከ መቼ ታቆሟቸዋላችሁ? ይቀመጡ!»

ጋሽ ልዑልቃል ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ።

ሥርዓቱ ትናንት ቀትር ላይ በዚያው በሊን ሳሎን ተፈጸመ። ተክለአብ ሻዩን በሁለት እጁ አቀረበ፣ መምህሩ ጠጡ፣ አዲሱን የሙያ ስሙን በብሩሽ ጻፉለት፣ ከሥሩ ሦስቱ ዋሶች ፈረሙ።

«እኔም ቻይና ሆንኩ ማለት ነው?» አለ ደረጄ ብሩሹን እንደያዘ።

«አንተ መጀመሪያ ፊርማህን ቀጥ አድርግ» አሉ ጋሽ ልዑልቃል።

እድላዊት አባቷን አቅፋ አልለቅም አለች። ተክለአብም ልጅ ሆኖ ዋለ፤ ሳህን ሲያነሳ፣ ሻይ ሲቀዳ፣ «አዎ መምህር፣ እሺ መምህር» ሲል አመሸ።

ከዚህ በላይ ቁጭ ብዬ መጻፍ አልችልም። ኪልበርን ያለችው ታላቅ እህቱ አስካለማርያም ገና አልሰማችም! ስልኳ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግራትማ! ጃኬቴን ለብሻለሁ፣ አውቶቡሱም ሲመጣ በመስኮት ይታየኛል፤ ሮጥኩ።