አምቢኮ ይዤው የሄድሁት ድንጋይ

የተባረካችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! እኔ የለመድሁት በቅሎ መጫን ነው፤ በሰው ፊት መናገር አልለመድሁም። ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ይህ ፋሲካ ቢያልፍብኝ ይቆጨኛል። ክብር ለስሙ ይሁን!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ ደባርቅ የቱሪስት ጓዝ የምጭነው ነኝ። አባታችን ሲሞት ለእኔና አምቢኮ መንደር ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለሙላት አንዲት በቅሎ ተወልን። በየወሩ እየተቀያየርን እንሠራባት ነበር። አንድ ክረምት በእሱ ተራ ጨነቅ የሚባለው ቦታ አጠገብ ገደል ገባች። ጭነት አብዝቶባት ነው አሉኝ። እኔም፣ «ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ካልወደቀ ዓይኑን አላይም!» ብዬ ማልሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ የለ? ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። አምስት ዓመት! እልኸኛ ነኝ ወገኖቼ። ባለቤቴ ስንዱ ታውቃለች፤ ይኸው እየሳቀች ነው።

ከዚያ ሆዴ ተነሣብኝ። እንደ ፍም ያቃጥለኛል፣ የበላሁት አይረጋልኝም። ሐኪሙ የጨጓራ ቁስል ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ቀየረልኝ፤ ደግሞ ቀየረልኝ። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀና፣ «ለመሆኑ የምትናደድበት ሰው አለ?» አለኝ። «የለም» አልሁት። ለሐኪም ዋሸሁ! ስንዱ አጠገቤ ነበረች፤ «አለ ዶክተር፣ አምቢኮ ነው ያለው» አለችው።

ስንዱ ቀድማኝ ጌታን አግኝታ ነበር፤ እኔ ግን አሾፍባት ነበር። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ከጉባኤው ልወስዳት ስመጣ በረዶ ወረደ። መጠለያ ሳጣ ገብቼ እዚያ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ወንጌላዊው ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ያስተምር ነበር። «የይሁዳንም አጠበ» ሲል አላስቻለኝም። ጮክ ብዬ፣ «ይሁዳ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቆ ነበር ወይ?» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንጌላዊው አልሳቀም። «አልጠየቀም ወንድሜ። አሳልፎ ሊሰጠው ቆርጦ ነበር። ጌታ ይህን እያወቀ ተንበርክኮ አጠበው» አለኝ።

እያወቀ! ወገኖቼ፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ። እኔ ድንጋይ ስጠብቅ እሱ የጠላቱን እግር ያጥባል። በዚያው ዕለት ጌታን ተቀበልሁ። ሃሌ ሉያ!

በማግስቱ በጭነት መኪና ጨነቅ ደረስሁ፤ ቅዳሜ ማልጄ በእግሬ ወደ አምቢኮ ሄድሁ። በቅሎዋ ከወደቀችበት አፋፍ አንድ ድንጋይ አነሣሁ። መንደሩ ስደርስ አንገቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አንዲት እናት አይተውኝ፣ «ኧረ በማርያም! ማንን ገድሎ ነው?» ብለው ጮኹ። «ወንድሜን በልቤ ገድዬው ነው እናቴ» አልኋቸው።

ሙላት ወጣ። ሸብቷል። «አንተ! በዳዩ እኔ፣ ድንጋዩ አንተ ላይ?» አለ።

«አምስት ዓመት ጠልቼሃለሁ። ይቅር በለኝ» አልሁት።

ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥቶ መሬት አስቀመጠው። ከዚያ ከበሩ ጥግ ያለ ሌላ ድንጋይ አሳየኝ። «ይህን ይዤ ሦስት ጊዜ ጨነቅ ድረስ ወጥቻለሁ። ፊቱን ያዞርብኛል እያልሁ ተመለስሁ» አለኝ። እኔ አይመጣም እላለሁ፤ እሱ መንገድ ላይ ነበር!

ተቃቅፈን አለቀስን። ውሃ አምጥቶ እግሬን ሊያጥበኝ ሲል፣ ታላቄ ነውና አይሆንም አልሁ። እንደገና ልንጣላ ነበር! በመጨረሻ እኔ የእሱን፣ እሱ የእኔን አጠብን። ፋሲካን አብረን ዋልን።

ሆዴስ? ዛሬ ቃሪያ እበላለሁ! ሐኪሙም መርምሮኝ፣ «ቁስሉ ድኗል፤ ምን አደረግህ?» አለኝ። «ጌታ ነው፤ አምቢኮም ሄጄ ነበር» አልሁት። ስሙ ይባረክ!

ወገኖቼ፣ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች ድንጋዩን ማን ያነሣልናል እያሉ ነበር የሚሄዱት፤ ሲደርሱ ተነሥቶ አገኙት። እናንተም የበደላችሁ ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ። የተነሣውን ጌታ ታመኑትና እናንተ ሂዱ፤ እሱ ቀድሟችሁ እዚያ ይደርሳል።

ሙላት ዛሬ ሊሰማኝ ከአምቢኮ መጥቶ እኔ ያኔ የተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዘወር ብላችሁ እጁን እዩት፤ ድንጋይ የለበትም። ይኸው የእኔም ባዶ ነው።