ጅራቱን የሚነክስ ውሻ እንዳይሞትብን

ውሻችን ጅራቱን ማሳደድ የጀመረው ስንዴው ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ሳቅንበት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ታየው ነበር። ውሻው አንገቱን ጠምዝዞ ጅራቱን ያይና እንደ ባዕድ ይነሣበታል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይደርስበትና ጫፉን በጥርሱ ይይዘዋል። ሲያመው ይጮህና ይለቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል።

«እማዬ፣ ጅራቱ የራሱ መሆኑን አያውቅም እንዴ?» አለችኝ።

«ውሻ ነው፤ ምን ያውቃል» አልኳት።

እኔ ግን ቀስ በቀስ መሳቄን ተውኩ። የጅራቱ ጫፍ ፀጉሩ አለቀ፤ ከዚያ ቆዳው ቆሰለ፤ ዝንብ ሰፈረበት። የጣልንለትን ፍርፋሪ አንድ ሁለቴ ይልስና ትቶት መዞር ይጀምራል። ባሌን «ይኼ ውሻ ደኅና አይደለም» ስለው «ቁንጫ ነው» አለኝ። እሱ ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ይበቃዋል። እኔ ግን ክፉ ነገር በየት በኩል ይመጣ ይሆን እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ልጅቱ ካሳለች እንቅልፍ የለኝም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

የፈራሁት የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምስር እየለቀምኩ ሳለ ጩኸቷን ሰማሁ። ስወጣ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ጨብጣ ቆማለች፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል። ውሻው ጅራቱን ነክሶ አልለቅ ሲል አዝና ልታስጥለው ሄዳለች። እሱም ማን እንደሆነች ሳያይ አውራ ጣቷ ሥር ነከሳት።

በውሃና በሳሙና አጠብኩላትና አዝያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለመታዘል ትልቅ ናት፤ የከበደችኝ ግን ስመለስ ነው። ነርሷ ቁስሉን እንደገና ብዙ ጊዜ አጠበችው። ቀጥላም ውሻው ተከትቦ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተከተበም። «የእብድ ውሻ ክትባት እኛ ዘንድ አልቋል። ደሴ ነው ያለው» አለችና ዐይኗን ከዐይኔ ላይ አነሣች። የደሴ መንገድ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ከመናኸሪያው የሚወጣ መኪና እንደሌለ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። «የከብት ሐኪሙን አናግሪው» አለችኝ።

የከብት ሐኪሙ በሬያችንን ሲያክምልን የኖረ ሰው ስለሆነ አላስቸገረኝም፤ ተከትሎኝ መጣ። ቤት ስንደርስ ባሌ መጥረቢያ ይዞ ግቢው መሀል ቆሟል።

«ልግደለውና ይለይለት» አለ።

«እንዳትነካው!» አለው ሐኪሙ። «ብትገድለው ምን እንደነበረበት በምን እናውቃለን? እብድ ከሆነ አሥር ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። አሥሩን ቀን ደኅና ሆኖ ከቆየ ግን ልጅህ ነፃ ናት። እሰሩትና ጠብቁት። ጠባዩ ከተለወጠ መንገድ ተከፈተ አልተከፈተ አትበሉ፤ በበቅሎም ቢሆን ደሴ ትወሰድ።»

«እስከዚያስ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እስከዚያ አብዪው።»

ጠዋት ድንጋይ ልወረውርበት የነበርኩት ሴት ከሰዓት በኋላ እንዳይሞትብኝ እለምነው ጀመር። ለባሌ ያስቀመጥኩትን ወተት ሰጠሁት።

«እኔ አጓት እየጠጣሁ ውሻው ወተት?» አለ ባሌ።

«አዎ።»

እሱም መጥረቢያውን ከግቢው አውጥቶ ወንድሙ ቤት አስቀመጠው።

ውሻውን ባሕር ዛፍ ላይ አሰርነው። መታሰሩ ነገሩን አባሰበት። ሲዞር ገመዱ ግንዱ ላይ እየተጠመጠመ ያጥርና አንገቱ ከዛፉ ጋር ይጣበቃል። ያኔ እኔ ረጅም እንጨት ይዤ ከሩቅ ገመዱን እፈታታለሁ። ልጄን ከቤት እንዳትወጣ ከልክያታለሁ፤ እሷ ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ እያየች «እማዬ፣ ታነቀ! ቶሎ በይ!» ትለኛለች። ሌሊቱን ሁለት ቦታ ነበርኩ። አንዴ የልጄን ግንባር እዳስሳለሁ፤ አንዴ ከውጭ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ። ሲያላዝን ተለወጠ ብዬ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ሞተ ብዬ እደነግጣለሁ።

በሳምንቱ አጋማሽ አማቴ ወሬውን ሰምተው በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። ልጅቱን ረጯት፤ አጠጧት። ቀጥለው ወደ ውሻው ሄዱ።

«እማማ፣ እሱን ይተዉት» አልኳቸው።

«እሱስ የእግዜር ፍጥረት አይደል?» አሉና ጀሪካኑን ገለበጡበት።

ጠዋት ነበር፤ ሜዳውን ውርጩ ገና አልለቀቀውም። ውሻው እንደተቃጠለ ሁሉ ዘለለ፤ ጮኸ፤ ገመዱ እስኪመልሰው ሮጠ። አማቴ ጀሪካኑን ጥለው ራሳቸውን ያዙ።

«ውሃ ፈራ! አያችሁት? ውሃ ፈራ!»

ከአጥሩ ማዶ ይህንን ያልሰማ የለም። እኛ አገር እብድ ውሻ ከተባለ የማን ውሻ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ከአውድማ ላይ ዱላና መንሽ የያዙ ወንዶች መጡ። ባሌ ገበያ ሄዶ ነበር። የግቢውን በር ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ!» አለኝ ጎረቤታችን። ልጆቹ ከልጄ ጋር አብረው ነው የሚውሉት።

«አልዞርም።»

«ልጅሽን ለነከሰ ውሻ ዘብ ትቆሚያለሽ?»

«ለልጄ ብዬ ነው የቆምኩት። እሱ ከተገደለ ምኑን አውቃለሁ?»

«እኛስ ልጅ የለንም? ገመዱን ቢበጥስ ማን ሊይዘው ነው? አንቺ?»

እውነቱን ነበር። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ዱላ ይዤ እመጣ ነበር። ከኋላ አንዱ «ተዉአት፣ ነገ እሷም ጅራት አብቅላ መዞሯ ነው» ብሎ አሳቃቸው። ሳቁ አናደደኝና ጮህኩባቸው።

«በውርጭ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት የማይዘል ማነው? አንተ ትቆማለህ? ውሃ አቀርብለታለሁ፤ ቆማችሁ እዩ። ከጠጣ ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ካልጠጣ...»

አልጨረስኩትም። ካልጠጣ የሚሆነውን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። በሰው ሁሉ ፊት የልጄን ነገር በአንድ ሰባራ ድስት ውሃ ላይ እንዳስቀመጥኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በሩን ከፈትኩላቸው። ድስቱን ገፋ አድርጌ አቀረብኩለት። ውሻው ውሃውን አላየውም። ሰዎቹን አየ፤ ዱላቸውን አየ፤ ከዚያ ዞሮ ጅራቱን ያዘ። ዞረ፣ ዞረ። ከጅራቱ ደም ድስቱ አጠገብ ተረጨ። ጎረቤታችን መንሹን ከትከሻው አወረደ።

ያዳኑኝ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጡት አማቴ ናቸው። «ዱላችሁን አስቀምጡና ተቀመጡ!» ብለው ተቆጡ። «እናንተን ፈርቶ ቢሆንስ? ተቀመጡ ብያለሁ!» እሳቸውን እምቢ የሚል አልነበረም። ወንዶቹ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው በአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ውሻው እስኪደክመው ዞረ። ከዚያ ጅራቱን ለቀቀና ምላሱን አንጠልጥሎ ቆመ። ወደ ድስቱ ጠጋ አለ፤ አሸተተው። ጠጣ። የድስቱ ታች እስኪታይ ጠጣ።

ጎረቤታችን ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «አብሽሪ እንግዲህ» አለኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ማታ የከብት ሐኪሙ ሲመጣ በደስታ ነገርኩትና «ልጄ ነፃ ናት ማለት ነው?» አልኩት። እሱ ግን እንደኔ አልተደሰተም። «ውሃ መጠጣቱ ብዙም አይቆጠርም» አለኝ። «ያበደ ውሻም ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ውሃ የሚፈራው በሽታው የያዘው ሰው ነው፤ መዋጥ ያቅተዋል። አንቺ ቀኑን ጠብቂ።» ባይነግረኝ ይሻል ነበር፤ ግን ጠይቄዋለሁ፤ ሊዋሸኝም አልፈለገም።

ቀኑ ሞላ። ውሻው አልሞተም፤ እንዲያውም በወተቱ ወፍሯል። ሐኪሙ ጅራቱ ላይ መድኃኒት ረጨለትና ፍቱት አለን። «ታዲያ ለምንድን ነው የሚዞረው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። እንዲህ የሚያደርግ ውሻ አለ። ብቻ አትሰሩት፤ መታሰር ያብስበታል።»

ምክንያት ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቁንጫ ነው ቢለኝ እንኳ። ውሻው ተፈቶም ይዞራል፤ ቀነሰ እንጂ አልተወውም። መንገዱ ሲከፈት ደሴ እንውሰዳት ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት። «ውሻው በሕይወት ካለ ልጅሽ ደኅና ናት፤ ምን ብለሽ ትወስጃታለሽ?» አለችኝ። ባሌም፣ አማቴም፣ ሐኪሙም ይኸንኑ አሉኝ። አምኛቸዋለሁ።

በእኛ ቤት ጠላም ሆነ ቅራሪ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስና ነው ለሌላው የሚሰጠው። ልጄ ይህንን ከአያቷ ተምራለች። እኔ ቀን ቀን ቅራሪ የምጠጣ ሴት አልነበርኩም። አሁን ግን ውሻው ውጭ ሲዞር ባየሁት ቁጥር «ነይ እስቲ፣ ቅራሪ ቅጂልኝ» እላታለሁ። ትቀዳለች። በዚያ ጠባሳ ባለው እጇ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ እኔ ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ።

«እማዬ፣ አንቺስ ጠጪ ሆነሽ ቀረሽ» ብላ ትስቅብኛለች።

ጣሳውን እቀበላትና፣ ባይጠማኝም፣ እጠጣዋለሁ።