የግራ ክንዴ ስም

ግራ ክንዴ ላይ የባለቤቴ ያልሆነ የሴት ስም ተነቅሶ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። በጉርምስናዬ ውቤ በረሃ አንድ ጓደኛዬ በመርፌና በጥላሸት የጠቀጠቀልኝ ነው። ልጅቷ በዓመቱ ሌላ አገባች፤ ስሟ ግን እኔ ጋ ቀረ። ባለቤቴ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብቻ መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ናት።

የልጃችን ሠርግ ቀን ሲቆረጥ፣ እናቷ በአማቾቻችን ፊት እንዳታፍር ላስጠፋው ወሰንኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ንቅሳት በሌዘር የሚያጠፋ የቆዳ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዝኩ። ቅጹ ላይ «ሥር የሰደደ ሕመም አለብዎት?» ይላል። ስኳር አለብኝ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ! ካወቁ ይመልሱኛል ብዬ ነዋ። አባቴ ጫማ ልጦት ያቺ ቁስል አልድን ብላ፣ በስኳር የተነሳ እግሩ ተቆርጧል። ያን እያወቅኩ ነው እንግዲህ የዋሸሁት።

ደግሞ ፍልሰታ ነበር። ጠዋት የስኳር ኪኒኔን ውጬ ምንም ሳልቀምስ ከባለቤቴ ጋር ወጣሁ። ስለ ጾም ሐኪሜን ጠይቄ አላውቅም፤ እኛ ቤት ጾም ሐኪም አይጠየቅበትም። አምስት ሰዓት ላይ ተራዬ ደርሶ፣ የዓይን መከላከያ አድርገውልኝ አልጋው ላይ ስጋደም ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ፈሩ እንዴ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«እኔ? የአራዳ ልጅ መብራት ይፈራል?»

ባለቤቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ስኳር አለበት! ምንም አልበላም! እንዳትነኩት!»

ሐኪሟ ጣቴን ወግታ ለካች፤ ስኳሬ ወርዷል። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጡኝና ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ ቁጣው መጣ። «ስኳር ስላለብዎት ብቻ አንከለክልዎትም። ካልተቆጣጠሩት ግን ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። ከስኳር ሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩና የሦስት ወር አማካይ ስኳርዎን የሚያሳየውን ምርመራ ይዘው ይምጡ። ያኔ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረን እናያለን።»

ደረጃው ላይ ባለቤቴ አለቀሰች። «ስሟ ይኑር! ስሟ ምን አደረገኝ? እኔ እጅህን ነው የምፈልገው።» አፈርኩ።

ሠርጉ ክንዴ በሙሉ ልብስ ተሸፍኖ አለፈ። ሐኪሜ መድኃኒቴን አስተካከለልኝ። የንስሐ አባቴ ደግሞ «ማን ታመህ ጹም አለህ?» ብለው ተቆጡኝ። ስኳሬ ሲረጋ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩና የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ነኩልኝ።

ባለቤቴ በየማለዳው መስኮት ሥር እያቆመች ክንዴን ታያለች። እኔ የአባቴ እግር ዓይኔ ላይ ነው፤ በጣም ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ! አላበጠም፣ መግልም አልያዘም። ቅርፊቱ በራሱ ረገፈ፤ ፊደሏ ደብዝዛ ከሥር ደህና ቆዳ ወጣ። ሐኪሟ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «ድኗል፣ እንቀጥላለን» አለች። እፎይ! ተመስገን!

ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግራችን ወረድን። መሐል መንገድ ላይ ባለቤቴ በኋላዬ ዞራ በግራዬ መጣችና ክንዴን ያዘች። ሌሎቹ ፊደላት ገና እንዳሉ ነበሩ።